የዘጠኙ ተራሮች ባለቤት

በየአገሩ ተራራ አለ። ተራራ ባለበት ሁሉ ደግሞ ያንን ተራራ አምጠው የወለዱት የሚመስላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። መንገድ ስትጠይቋቸው መንገድ አይነግሯችሁም፤ ታሪክ ይጀምሩላችኋል። «ወደ ገበያ በየት ነው?» ብትሏቸው ጣታቸውን ወደ ገበያው አይቀስሩም። መጀመሪያ ከጀርባችሁ ያለውን ኮረብታ ያስተዋውቋችኋል፣ ከዚያ የኮረብታውን ወንድም፣ ከዚያ በሁለቱ መሃል ያለውን ገደል፣ ገደሉም በየትኛው ክረምት ስንት ፍየል እንደበላ። ገበያው እስኪበተን ቆማችሁ ትሰማላችሁ። እኔ በተወለድኩበት በወሎ እንደዚህ ያሉ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። የሁሉም አለቃ ግን፣ ያየሁትን ልመስክር፣ የአሶሳው ክቡር አቶ ማህጁብ ነበሩ።

ክቡርነታቸውን ያወቅኋቸው ክልሉ ገና ክልል በሆነ ሰሞን ነው። ያኔ «ክልል ስድስት» ይባል ነበር። ዓመቱን ብሳሳት ይቅር በሉኝ፤ ሰማንያ ስድስት ይሁን ሰማንያ ሰባት፣ ብቻ ቢሮዎቹ ወንበር ሳያገኙ ማኅተም ያገኙበት ዓመት ነው። እኔ በሰፈራ ከመጣሁ ቆይቻለሁ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ በማታ ትምህርት እስከ አራተኛ ደርሼ፣ ከቢሮዎቹ በአንዱ ሻይ አፈላለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ።

ሁሉም ነገር የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር። ወንዙ ይቆጠራል፣ ቀርከሃው ይቆጠራል፣ መንደሩ ይቆጠራል። ሰዉ «የኛ» የሚለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ላይ ሊያየው ነው፤ በየኮሪደሩ የሚሄደው ሰው ሁሉ አንገቱ ቀና ያለ ነበር። በእኛም ኮሪደር ትልቅ ካርታ ተሰቀለ።

አቶ ማህጁብ የመጡት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ የምን እንደሆነ እሳቸውም በኋላ ማስታወስ አልቻሉም። ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ከቀርከሃ የተቆረጠ ምርኩዝ ይዘው ካርታው ፊት ቆሙ። የጠዋቱን ሻይ ሳዞር ቆመዋል። የከሰዓቱን ሳዞር ቆመዋል። በመጨረሻ ካርታውን በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉና «አንድ ተራራ የለም» አሉ።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቃቸው።

«የኛ ዘጠኝ ነው። እዚህ ስምንት አለ። አንዱን ማን ወሰደ?»

ቢሮው በሙሉ ሣቀ። ክቡርነታቸው አልሣቁም። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሦስት ቀን ጠበቁ። በሦስተኛው ቀን የቢሮው ሰዎች፣ እንዲሄዱላቸው ብለው፣ ካርታው ለመጣበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፉላቸው። ግልባጩን አይቼዋለሁ፤ «ጉዳዩ፦ ስለጎደለ ተራራ» ይላል፣ ቁጥርና ማኅተምም አለው። ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ፦ የተጠቀሰው ተራራ በመዝገባችን ስለማይገኝ አመልካች ማስረጃ አያይዘው ያቅርቡ። ደብዳቤው ሲነበብላቸው ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ረጋ ብለው «ይምጡ» አሉ። «ማስረጃው እዚያ ቆሟል። የትም አይሄድም።»

ይህን ወሬ የሰማው ኢንጂነር ይልቃል ነው። ከጎጃም በቅርቡ ተመድቦ የመጣ፣ ልጅ እግር፣ ሥራ ወዳድ፣ እርሳሱን ሁልጊዜ ቀርጾ የሚይዝ። ከነዚያ ተራሮች ሥር አንድ ክሊኒክ የት እንደሚሠራ አጥንቶ እንዲያቀርብ ታዟል። መንገድ መሪ ይፈልጋል፤ መንገድ መሪ ከማህጁብ ወዲያ የለም። ሹፌሩ ጎሹ ሆነ፤ ምግብ የምታበስል ሲባል እኔ ማንጠግቦሽ ተላክሁ። እንዲህ ሆነን አራት ሰዎች ወረድን።

አሶሳ ተቀምጦ ወደዚያ የሚያይ ሰው «ወዲያ በረሃ ነው፣ ምንም የለም» ይላል። እኔም እል ነበር። ግማሽ ቀን በመኪና ስትወርዱ መጀመሪያ ሙቀቱ ይቀበላችኋል፣ ከዚያ ቀርከሃው ይሳሳል፣ ከዚያ ተራሮቹ ከሜዳው ላይ ብድግ ይላሉ። እንደ ወሎ ተራራ ቀስ እያሉ አይወጡም። ጥቋቁር ድንጋዮች ናቸው፣ ራቁታቸውን የቆሙ። ኅዳር ላይ ሣሩ ሰው ይውጣል፤ ጥር ላይ ሣሩ ተቃጥሎ አጥንታቸው ይታያል። ገደሎቹ ከሩቅ ስንጥቅ ይመስላሉ። አፋፉ ላይ ስትቆሙ ግን ግድግዳው ከላይ ቀይ፣ ከመሃል ቢጫ፣ ወደ ታች ሐምራዊ እየሆነ ይወርዳል፤ ሥሩ አሸዋ ነው፣ አሸዋው ላይ ሴቶች ጉድጓድ ጭረው ውሃም ይቀዳሉ፣ ወርቅም ያጥባሉ። በሰፈራ ስንመጣ የሰጡን አገር ዳር ይህን ያህል ነገር ቆሞ ኖሯል። እኔ ያን ቀን ነው ይህ አገር አገሬ ነው ያልኩት። ከዚያ በፊት የምኖርበት ነበር።

ክቡርነታቸው ተራሮቹን እንደ ዘመድ አንድ በአንድ አስተዋወቁን። ከሩቅ ሰማያዊ የሚመስለው አዝረግ ነው፤ «እሱ ኩሩ ነው፤ ለሩቅ ሰው ይዋባል፣ ስትቀርበው ጥቁር ነው»። ሻኛ ያለው አቡ ሰነም ነው፤ ሰነፍ ስለሆነ ደመና ሁሉ ይተኛበታል። ኡም ሐጀር እናት ናት፣ በጋም ቢሆን ውሃ አትከለክልም። እንዲህ እያሉ ስምንት። ዘጠነኛው፣ ካርታው የረሳው፣ ከአዝረግ ጀርባ የቆመ ትንሽዬ ነው። ስሙ የቲም ነው፣ አባት የሌለው ማለት። ስለሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ እንዳይሰማ።

ጎሹ ግን ሹፌር ነው፤ ሹፌር ደግሞ መንገድ መሪ አይወድም። በሁለተኛው ቀን ክቡርነታቸው በግራ ሲሉት በቀኝ ነዳና መኪናው አሸዋ ውስጥ እስከ ሆዱ ገባ። እኛ ስንቆፍር አቶ ማህጁብ ጥላ ሥር ተቀምጠው አንድም ጊዜ «ብዬህ ነበር» አላሉም። ይልቅ የአሸዋውን ዕድሜ ነገሩን። ከየትኛው ተራራ ተፈጭቶ እንደመጣ፣ በየትኛው ክረምት እዚህ እንደደረሰ። ጎሹ አካፋውን ጥሎ «ሼህ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኛል» አላቸው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ተራሮቹን ለሁለት የሚከፍል ኾር ኑጋራ የሚባል ገደል አለ። ኾር የክረምት ጎርፍ የሚወርድበት ነው፣ ኑጋራ ከበሮ ነው፤ ክረምት ሲሞላ ከሩቅ እንደ ከበሮ ይመታል። ከገደሉ ወዲህ መንደር አለ፣ መኪና ይገባል። ከገደሉ ወዲያ ሌላ መንደር አለ፣ እግር ብቻ ይገባል። የተፈቀደው ክሊኒክ አንድ ነው። በካርታው በሁለቱ መንደሮች መሃል ያለው ርቀት ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። ኢንጂነር ይልቃል ስለዚህ ክሊኒኩ መኪና በሚገባበት፣ በወዲህኛው መንደር እንዲሆን ወሰነ፤ የወዲያዎቹ ሰባት ኪሎ ሜትር ቢመጡ ብዙ አይደለም ብሎ።

አቶ ማህጁብ አይሆንም አሉ። ክሊኒኩ ወዲያ ይሁን። መኪና ያለው ሰው ሲታመም መኪና ይጠብቃል፣ አሶሳም ይወሰዳል፤ የወዲያ ሰው የሚጠብቀው ነገር የለም። ለመሆኑ ርቀቱ ስንት ነው ሲባሉ «ሦስት ቅል ተኩል» አሉ።

እዚያ አገር መንገድ የሚለካው በሚጠጣ ውሃ ነው። ይልቃል ብልህ ልጅ ስለሆነ አስቀድሞ መለኪያውን አጥንቶታል። በራሱ እግር ሄዶ አንድ ቅል ውሃ ስንት እንደሚያስኬደው ለካ፤ ስምንት ኪሎ ሜትር ሆነ። ሦስት ቅል ተኩልን በዚያ ሲያበዛው ሃያ ስምንት መጣበት። ካርታው ሰባት ይላል። ስለዚህ ሽማግሌው እያጋነኑ ነው አለ፤ ለምን እንደሆነም ሁላችንም ገመትን። መንደራቸው ወዲያ ነዋ፤ ክሊኒኩን ወደ ደጃፋቸው እየጎተቱ ነው። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አልፈረድኩባቸውም፣ ማን የማይጎትት አለ?

ይልቃል ካርታውን ዘርግቶ ሰባቷን ሲያሳያቸው ክቡርነታቸው ሁልጊዜ የሚሉትን አሉ፦ «ወረቀት ውሃ አይጠማም።»

በማግስቱ ክቡርነታቸው በወዲህኛው መንደር አንድ ቤት ወሰዱን። ኸድራ የምትባል ፈርጠም ያለች ሴት የማሽላ ገንፎ በባሚያ አቀረበችልን። ስንበላ ቆይታ ወደ እኔ ጠጋ አለችና ወንድና ሴት በማይለይ በዚያ አገር አማርኛ፣ በአገጯ ወደ አቶ ማህጁብ እየጠቆመች፣ «ይሄ ሰውዬ ባሌ ነው» አለችኝ። «ሠላሳ ዓመት እዚህ ቤት ኖረ። አሁን ክሊኒክ ከደጄ ነቅሎ ለሌላ ሰው እየሰጠ ነው። አንተ አብደሃል በለው።»

ይልቃል ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰ። እኔም ዓይኔን ገንፎው ላይ ጣልኩ። ክቡርነታቸው ግን እጃቸውን እየታጠቡ ስለ ኡም ሐጀር ምንጭ ያወሩ ነበር።

ይልቃል ከተቀመጠበት ተነሳ። «አባባ ማህጁብ፣ ሰውን በከንቱ ጠርጥሬያለሁ፣ ይቅርታ» አላቸው። «ግን ቁጥሩ አሁንም አልገባኝም። እኔ አንድ ቅል ጠጥቼ ስምንት ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ።»

«አንተ ባዶ እጅህን ሄደህ ነው የጠጣኸው። ቅል የሴት ነው። ሸክም የያዘ ሴት የሚጠጣው ነው ቅል የምንለው።» ከዚያ ጨመሩ፦ «ወደ ክሊኒክ የሚሄድ ማን ነው? አንተ ነህ?»

እዚያ ሴቶች ሸክም በጀርባ አይሸከሙም። ትከሻቸው ላይ ዘንግ ያጋድማሉ፤ በአንዱ ጫፍ ቅርጫት፣ በሌላው ጫፍ ቅልና ጓዝ ያንጠለጥላሉ። ኸድራ ዘንጓን ከግድግዳ አውርዳ ኢንጂነሩ ትከሻ ላይ አስቀመጠችው። ቅርጫቱን በማሽላ ሞላች፣ ቅሉን በውሃ። የመንደሩ ወንዶች በዘንግ የሚሸከም ወንድ አይተው አያውቁም፤ እስከ አፋፉ ድረስ እየሣቁ ሸኙን። ጎሹም እየሣቀ መኪናው ጋ ቀረ።

የመጀመሪያው ቅል ገደሉ ሥር ሳንደርስ አለቀ። ባዶ ሲሆን ሚዛኑ ተዛባና ቅርጫቱ ወደ ታች ጎተተው። ኸድራ ድንጋይ አንስታ ከባዶው ቅል ጋር አሰረችለት። «ውሃውን ጠጣህ» አለችው፤ «ክብደቱ ግን ይቀራል።» አሸዋው ላይ ቅሉን ሞልተን ድንጋዩን ፈታን። ሁለተኛው ቅል ቀዩ ግድግዳ መሃል አለቀ፤ እንደገና ድንጋይ። መንገዱ እንደ እባብ ነው፤ ካርታው ላይ ጣት የምትሻገረውን እግር ግማሽ ቀን ይዞረዋል። ይልቃል ማውራት አቆመ፣ ከዚያ ላቡን መጥረግ አቆመ። አቶ ማህጁብ ከፊት ከፊት እየሄዱ የድንጋዩን ሁሉ ስም ይጠራሉ። እኔ እንኳ፣ ባዶ እጄን የሄድኩት፣ በየጥላው እቀመጥ ነበር። ሦስተኛው ቅል ከኡም ሐጀር ምንጭ ተሞልቶ እዚያው አቀበቱ ላይ አለቀ። የወዲያኛው መንደር ስንገባ የአስር ሶላት አዛን ይሰማ ነበር፤ ከመንገድ ዳር ጉድጓድ የሞላነው አራተኛው ቅል ግማሽ ላይ ነው።

የመንደሩ ሴቶች የኢንጂነሩን ትከሻ አይተው ሣቁ፤ ቆዳው ተልጦ ነበር። ዐዋጢፍ የምትባል ወጣት ሴት ቅባት አምጥታ ቀባችለት። እየቀባች፣ ምን ልትሠሩ ነው የመጣችሁት ብላ ጠየቀች። ይልቃል ስለ ክሊኒኩ ነገራት። እጇ ቆመ። እህቷ ባለፈው ክረምት ምጥ ይዟት በዚያው መንገድ ይዘዋት ወርደው እንደነበር ነገረችን። ኾሩ ሞልቶ ስለነበር አፋፉ ላይ ጠበቁ።

«ቅል ሳያልቅ፣ እህቴ አለቀ» አለች። ከዚያ መቀባቷን ቀጠለች።

ይልቃል ካርታውን አውጥቶ መሬት ላይ ዘረጋው። ሰባት የምትለዋን ቁጥር አልሰረዘም። ከጎኗ «ሦስት ቅል ተኩል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ እርሳሱን ቀረጸና ከአዝረግ ጀርባ አንዲት ትንሽ ተራራ ሣለ። ክቡርነታቸው ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አይተው «ትንሽ ወደ ግራ» አሉ።

አሶሳ ተመልሰን ሪፖርቱ ሲቀርብ ቅል የሚባል መለኪያ የለም ተባለ። ይልቃል ከፈለጋችሁ ዘንጉን ላምጣላችሁ አላቸው። ትከሻው ገና ጠባሳ ነበረው። ክሊኒኩ ወዲያ ተፈቀደ፤ ቆርቆሮው በአህያ ተጉዞ በዓመቱ ተሠራ። የወዲህኛው መንደር ሰዎች ለክቡርነታቸው ብዙ ጊዜ ሰላምታ ነሷቸው፤ ኸድራ ደግሞ አንድ ወር ሙሉ ገንፎውን ያለ ባሚያ አቀረበችላቸው። እሳቸው ይህን ለእኔ ሲነግሩኝ ያማረሩት ስለ ባሚያው ብቻ ነው።

እኔ በዚያው ክሊኒክ በጽዳት ተቀጠርኩና ወዲያ መኖር ጀመርኩ። ከስድስት ዓመት በኋላ አንድ የገበያ ቀን ወደ ወዲህ ስወርድ ክቡርነታቸውን በጥላ ሥር እየተንቀጠቀጡ አገኘኋቸው። ወባ ነው። ወደ አሶሳ የሚወስደው መኪና ከሄደ ሁለት ቀን ሆኖታል፣ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ኸድራ «ወደ ክሊኒክ ውሰዳት፣ እኔ ብለው እንቢ አለኝ» አለችኝ፤ እሷ ሁሉን ሰው እንደፈቀደች ነው የምትጠራው። በአህያ ቢባሉ አልቀመጥም፣ ተራሮቹ እያዩኝ በአህያ አልሄድም አሉ። በእግር ተነሳን።

እስከ አሸዋው ድረስ ተነጫነጩ። «ይሄን ክሊኒክ እዚያ ጫፍ ላይ ያስቀመጠው ማን ነው?»

«አንድ ሽማግሌ ናቸው» አልኳቸው። «ሰው አያዳምጡም።»

«እንደዚያ ዓይነት ሰው በዚህ አገር በዝቷል፣ ኡኽቲ» አሉ። እህቴ ማለታቸው ነው።

አቀበቱ ላይ ግን ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ትንሽ ሄደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሊነሱ አልቻሉም፣ ዓይናቸው ፈዘዘ። ሰው ለመጥራት መንደሩ ሩቅ ነው። እኔ ብቻዬን ልሸከማቸው አልችልም። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ ብቻ እጄን ወደዚያ ዘርግቼ «ያ ሻኛ ያለው አዝረግ አይደል?» አልኳቸው።

ቀና አሉ። «ምን አልክ?»

«አዝረግ። ያ የተኛው።»

«እሱ አቡ ሰነም ነው። ስድስት ዓመት እዚህ ኖረህ?» ምርኩዛቸውን ተከሉና ተነሱ።

ሃያ እርምጃ ያህል ሄድን። ሲደክሙ ኡም ሐጀርን ምንጭ የሌላት ደረቅ አደረግኋት። አሁንም ተነሱ፤ በቁጣ እየተንቀጠቀጡ፣ ምንጩን ከመሠረቱ አስረዱኝ። ትንሹን የቲም ሰው የከመረው ድንጋይ ነው አልኳቸው፤ ያን ጊዜ ከፊቴ ቀድመው ወጡ። ዘጠኙንም ተራሮች አንድ በአንድ አበላሸሁባቸው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሁለቱን ደግሜ አበላሸኋቸው። እንዲህ እየተጨቃጨቅን፣ እሳቸው በምርኩዝ ሰማዩን እየወጉ፣ እኔ እያለቀስኩ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ደረስን።

ነርሷ ጩኸቱን ሰምታ ወጣች። አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየችና «ከሁለታችሁ የታመመው ማን ነው?» አለች።